ያለፋችሁበት መከራ ለሌላው መጽናኛ እንዲሆን እንዴት ትናገሩታላችሁ?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሦስት ሰዎች ምሕረት ያገኛሉ፤ የተሰጣቸው ትእዛዝ ግን አንድ አይደለም። በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው፣ ሰንሰለት የማይበግረው ሰው ከዳነ በኋላ ኢየሱስን አብሬህ ልሁን ብሎ ለመነ። የተመለሰለት ግን ወደ ቤቱ ሄዶ ጌታ ያደረገለትን ለዘመዶቹ እንዲናገር ነው። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ልብሱን ነክታ በሕዝቡ መካከል ልትሰወር ነበር። ኢየሱስ ማን እንደ ነካው ሲጠይቅ ቀረበችና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን ሁሉ ተናገረች። የ12 ዓመቷ የኢያኢሮስ ልጅ ከሞት ስትነሣ ግን ነገሩን ማንም እንዳያውቅ ኢየሱስ አጥብቆ አዘዘ። አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዷ በአደባባይ፣ የሦስተኛዋ ግን ለማንም እንዳይነገር። ነገሩን «መመስከር ግዴታ ነው» ወይም «ገመናን መሸፈን ይሻላል» ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ሰው ይህን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አላነበበውም።

በእኛ ዘንድ ብዙው ሰው ዝምታን ይመርጣል። የፅንስ መጨናገፍ፣ ድብርት፣ ዕዳ፣ የፈረሰ ትዳር፣ በጫት ወይም በመጠጥ የተያዘ ልጅ፣ ከዓረብ አገር ይዘውት የተመለሱት ጉዳት፣ ሁሉም «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይቀመጣል። መድረክ ላይ የሚወጣው ደግሞ ያለቀለትና የተዋበው ድል ብቻ ነው። ዛሬ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው የጨነቀው ሰው ከሁለቱም የሚይዘው ነገር አያገኝም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት እሱን እያሰብኩ ነው። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥4 እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን እኛም በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል ነው ይላል። ታሪኩ የእናንተ ነው፤ የሚነገረው ግን ለሰሚው ነው። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ የሚመዘነው ለሰሚው በሚሰጠው ጥቅም ነው።

1. ታሪኩ ለመነገር ደርሷል?

ሁለት ነገሮችን እንለይ። ያላለቀ ችግር አለ፤ ገና የሚደማ ቁስልም አለ። ያላለቀውን መናገር ይቻላል። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ የጻፈልንም ችግሩ አብሮት እያለ ነው። የሚደማ ቁስል ግን ሰሚ ይፈልጋል እንጂ ታዳሚ አይፈልግም።

ራሳችሁን ፈትሹ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ነግራችሁ ታውቃላችሁ? ካልነገራችሁ የመጀመሪያው ሰሚያችሁ ጉባኤ መሆን የለበትም። ስታወሩት ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ሰውነታችሁ ይንቀጠቀጣል? ተናግራችሁ ስታበቁ ለቀናት እንቅልፍ ታጣላችሁ? በልባችሁ ጥግ የበደላችሁ ሰው ሰምቶ እንዲያፍር የሚመኝ ነገር አለ? ሰው ሁሉ ሰምቶ ምንም ሳይላችሁ ቢበተን ትሰበራላችሁ? ከመጀመሪያው ጥያቄ በቀር ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ማይክሮፎኑ ይቆይ። ይህን መጠበቅ የእምነት ማነስ አድርጎ የሚቆጥርባችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን ሲለምን ከመልአኩ ያገኘው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። አዲስ ተልእኮ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህ ጊዜ የተዘጋጀ ቦታ አለ። ኦርቶዶክሳውያን የንስሐ አባት አላችሁ። ወንጌላውያን መጋቢ፣ ሽማግሌ ወይም በአጥቢያችሁ የተመደበ አማካሪ አላችሁ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ደግሞ ለሁላችንም ነው። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርስ መናዘዝንና መጸለይን ከፈውስ ጋር አያይዞ ያነሣል፤ ይህ የራስ መዳኛ ነው። ለሌላው መዳን የሚሆነው ምስክርነት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

2. በታሪኩ ውስጥ ሌላ ማን አለ?

ለብቻ የተኖረ መከራ የለም ማለት ይቻላል። የባሌ ስካር ስል የባሌን ስም፣ የልጅነቴ ድብደባ ስል የአባቴን ስም ይዤ ነው መድረክ የምወጣው። ስሙን ባልጠራው እንኳ የሚያውቀን ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የጻፋችሁትን በታሪኩ ውስጥ ላለው ሰው አስቀድማችሁ አንብቡለት። «ልናገር ነው» ብሎ ማሳወቅና «ብናገር ትፈቅዳለህ?» ብሎ መጠየቅ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን አድርጉ። «ይህችን ነገር አውጪልኝ» ካለ አውጡለት። ባለቤታችሁ ሙሉ በሙሉ እምቢ ካሉ ከመድረኩ ትዳሩ ይበልጣል።

ልጆች ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የ15 ዓመት ልጅ በሱስ ስለ መያዙ እናቱ በጉባኤ ስታለቅስ ሁሉም ያዝንላታል፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው እሑድ በዚያ በር እንዴት ይገባል? ልጅ ለእናቱ አሻፈረኝ ማለት የማይችል ስለሆነ «እሺ» ማለቱ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። አድጎ ራሱ እስኪናገር ጠብቁ፤ እስከዚያ የራሳችሁን ፍርሃትና ጸሎት ብቻ፣ ልጁን በማያስለይ መንገድ ተናገሩ።

የተደፈራችሁ ወይም የተደበደባችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የበዳይን ክብር በዝምታ የመጠበቅ ዕዳ የለባችሁም። በተለይ ሰውዬው ዛሬም ሌላ ሰው፣ ሌላ ልጅ ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ጉዳዩ የምስክርነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ቦታው ፖሊስ ጣቢያና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ነው። «በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንጨርሰው» የሚላችሁ ሽማግሌ ቢኖርም እንኳ።

3. ለማን፣ የት?

ጉባኤ ከሁሉ የበለጠ ቦታ የሚመስለን ማይክሮፎን ስላለው ነው። እኔ ግን ለአንድ ሰው፣ ለብቻው መናገር ቀዳሚ ነው ባይ ነኝ።

በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበሩ። በእነዚያ ወራት ብዙ ሰካራሞችን ሰብኳል፤ ከሰበካቸው ግን አንዱም አልተወም። በአክሮን የሄደበት ሥራ ከሸፈ፤ ሆቴሉ ውስጥ ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣውን ድምፅ እየሰማ ስልክ አነሣና አብያተ ክርስቲያናትን መጠየቅ ጀመረ። የፈለገው የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ነው። ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኙት። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ እሰጠዋለሁ ብሎ መጣ፤ ሁለቱ ከስድስት ሰዓት በላይ አብረው ቆዩ። ዊልሰን በዚያ ምሽት አልሰበከም፤ በራሱ ላይ የሆነውን ብቻ ነገረው። ስሚዝ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሰኔ 10 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.፣ የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉት የአልኮሆል ሱሰኞች የመረዳጃ ስብሰባዎች ከዚያ ውይይት የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም ቀድሞ ይሳተፉበት በነበረው ክርስቲያናዊ ኅብረት ኃጢአትን ለሌላ ሰው መናዘዝና ሕይወትን ማካፈል የተለመደ ነበር። በዚያ ምሽት ከኅብረቱ የተማሩት ነገር ሥራ ላይ ዋለ።

ከአንድ ሰው ቀጥሎ የቤት ኅብረት፣ የጽዋ ማኅበር፣ የሴቶች ወይም የወንዶች የጸሎት ቡድን አለ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሰሚው ጠይቆ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ጉባኤ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጥቅሙም ሌላ ነው፤ እፍረትን ይሰብራል። አገራችን ይህን በኤችአይቪ ዘመን አይታለች። ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሰው ከተከራየበት ቤት በሚባረርበት፣ ዕቃው በሚለይበት ጊዜ፣ እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ባሉት ማኅበራት የተሰባሰቡ ወገኖች በአደባባይ ቆመው «በደሜ ውስጥ አለ» ብለው ተናገሩ። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገሪቱ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እነሱ ሲናገሩ ለብዙኃኑ የሚዋጥ ነገር እንኳ አልነበረም። ለብቻቸው እንዳልቆሙ ግን ልብ በሉ፤ ከጀርባቸው ማኅበር ነበረ። እናንተም ሕዝብ ፊት ስትቆሙ ታሪካችሁን ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው ፊት ለፊታችሁ ይቀመጥ።

ካሜራ የመጨረሻው ይሁን። በዩቲዩብና በቲክቶክ የወጣ ታሪክ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ቆርጦ ሌላ ርዕስ የሚሰጠው ሰው አይጠፋም። በገልፍ አገሮች ያላችሁ እኅቶች ደግሞ ዓርብ በምትሰበሰቡበት ኅብረት የምትናገሩት እዚያው እንዲቀር ተስማሙ፤ በስልክም አይቀረጽ። በእነዚህ አገሮች የስም ማጥፋትና የኢንተርኔት ሕጎች ጥብቅ ናቸው፤ አሠሪን የሚያስለይ ቪዲዮ ተናጋሪዋን ራሷን ሊያስከስስ ይችላል።

4. ጻፉት፣ ከዚያ ቆርጡት

«መንፈስ ቅዱስ ያናግረኛል» የሚል ሁሉ ያለ ዝግጅት ይናገር ማለት አይደለም። ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈው ሁሉን ከመጀመሪያ በጥንቃቄ ተከታትሎ፣ በቅደም ተከተል መሆኑን በመግቢያው ይነግረናል። አንድ ገጽ ተኩል ጻፉ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስታነቡት ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ቢወስድ በቂ ነው።

አጻጻፉ ይህን ይመስላል። በፊት ምን ነበር? ከሁሉ የከፋው ጊዜ የትኛው ነበር? በዚያ ጊዜ ምን ረዳችሁ? ዛሬስ ምን ላይ ናችሁ? አብዛኛው ምስክርነት ሦስተኛውን ይዘለዋል። ከጨለማው በቀጥታ «ጌታ ግን» ወደሚለው ይሻገራል። ሰሚው ግን የመጣው ለሦስተኛው ነው፤ ድልድዩ እሱ ነውና።

ለምሳሌ አንድ ወንድም እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ሰካራም ነበርኩ፤ ቤቴ ሊፈርስ ነበር፤ ጌታ ግን በአንድ ቀን ነጻ አወጣኝ።» ሰሚው ያጨበጭባል፤ ጠጪው ግን ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ወንድማችን እንደገና ቢቀመጥ እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፦ «ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ከመሥሪያ ቤቴ እስከ ታክሲ ተራ ያሉትን ሦስት ግሮሰሪዎች ማለፍ አልችልም ነበር። ለቡድን መሪያችን ነገርኩት። ደመወዝ በወጣ ቁጥር በሩ ላይ እየጠበቀ ቤቴ ያደርሰኝ ጀመር። ገንዘቡን ለባለቤቴ እሰጣለሁ። ጸሎቴ አጭር ነበረች፦ ጌታ ሆይ፣ እስከ ቤቴ አድርሰኝ። በመካከል ወድቄ አውቃለሁ፤ በማግስቱ ደውዬ ነገርኩት፤ አልተቆጣኝም። ጤና ጣቢያም ሄጄ ነበር፤ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊጎዳ እንደሚችል ነገሩኝና በክትትል ነው ያቆምኩት።» በዚህኛው ውስጥ ጌታ አልቀነሰም። በማን እጅ እንደ ሠራ ታየ። የሚሰማውም ጠጪ ሰኞ ጠዋት ማንን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

አሁን ቆርጡ። የሰው ስም፣ የመሥሪያ ቤት ስም ይውጣ። ራስን ለማጥፋት የተሞከረበት መንገድ ፈጽሞ አይነገር፤ «ሕይወቴን ላጠፋ ደርሼ ነበር» ይበቃል። ዝርዝሩ በዚያው ሐሳብ ላለ ሰው መርዝ ነው። የዝሙትም፣ የአደንዛዥ ዕፅም ዝርዝር እንዲሁ፤ ኃጢአቱ ከምሕረቱ ይልቅ ደምቆ እንዲታይ አታድርጉ። ጳውሎስ መውጊያው ምን እንደ ነበረ አልነገረንም። ዓይኑ ነው፣ ሌላ ሕመም ነው፣ ስደት ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይገመታል። ምንነቱ ስላልተነገረ ግን ያ ምንባብ ለማንም አልጎደለም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ሰው የራሱን መውጊያ ይዞ ይገባበታል። የተሸፈነ ነገር ስላለ ምስክርነቱ ሐሰት አይሆንም።

5. ስለ እግዚአብሔር እውነቱን ተናገሩ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ልጅ ያቀፈች እኅት «በእምነት ስለ ጸናሁ ሰጠኝ» ስትል፣ በአዳራሹ ውስጥ ያለችው፣ ከእሷ በላይ የጠበቀችው ሴት የምትሰማው «አንቺ አልጸናሽም» የሚለውን ነው። ተናጋሪዋ ይህን ማለቷ አይደለም፤ የሚደርሰው ግን ይህ ነው።

ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በቁጥር 34 በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፤ በቁጥር 37 በሰይፍ የተገደሉ አሉ። ስለ ሁለቱም ወገን በእምነታቸው ተመሰከረላቸው ይላል። መዝሙር 88 በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ይዘመራል። እናንተም የሆነላችሁን እንደ ሆነ ተናገሩ፤ ለሰሚው ግን ተስፋ አድርጋችሁ አትስጡት። «ለእኔ እንዲህ አደረገልኝ፤ ለምን ለእኔ እንደሆነና ለሌላው እንዳልሆነ አላውቅም» ብሎ መናገር ያስከብራል። አሁንም የማትረዱት ካለ አልገባኝም በሉ። የዳነው ነገር ካለ ዳነ፣ ያልዳነው ካለ አልዳነም በሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። መድኃኒት ስለ ማቆም በፍጹም አትመስክሩ። «ክኒኑን ጣልኩና ዳንኩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚጥል ሕመም ያለበትን ልጅ፣ የደም ግፊት ያለባትን እናት፣ ኤችአይቪ ያለበትን አባት ሊገድል ይችላል። በእንጦጦና በሌሎች የጸበል ቦታዎች መድኃኒት ያቋረጡ ሕሙማን ጉዳይ ባሳሰበበት ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል። ሐኪም ረድቷችሁ ከሆነ «ሐኪም ረድቶኛል» ማለት እግዚአብሔርን አያሳንሰውም።

6. በተናገራችሁበት ሰዓት

ከባድ ነገር ካለ አስቀድማችሁ አሳስቡ፤ ልጆች ወደ ሰንበት ትምህርታቸው ከሄዱ በኋላ ይሁን። ዕንባ ቢመጣ ቆም በሉ፤ ውኃ ጠጡ። የጻፋችሁትን ማንበብ ነውር አይደለም። ስትጨርሱ ለጭብጨባ ሳይሆን ለሰው በር ክፈቱ፦ «ይህን የመሰለ ነገር ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከፕሮግራሙ በኋላ በዚያ በኩል እቆያለሁ፤ ዛሬ ካልሆነላችሁ በቡድን መሪዎቹ በኩል ታገኙኛላችሁ።» ይህን ብላችሁ ቶሎ ከሄዳችሁ ግን ባትሉት ይሻል ነበር።

7. ሰሚው ወደ እናንተ ሲመጣ

ዋናው ሥራ አሁን ይጀምራል። የምትቀርበው ሴት ምናልባት «እኔም…» ብላ ትቆማለች። አትሙሉላት። የእናንተ ታሪክ አልቋል፤ አሁን ተራው የእሷ ነው። «እኔንም ልክ እንዲህ ነበር ያደረገኝ» እያላችሁ ወደ ራሳችሁ አትመልሱት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ያለ ንግግር አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

የሚረዱ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። «እኅቴ፣ ይህን እስካሁን ለማን ነግረሻል?» «ከሁሉ የሚከብድሽ ሰዓት የትኛው ነው?» «በዚህ ሳምንት ምን ብናግዝሽ ይቀልሻል?» የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፦ ልጆቹን የሚይዝ፣ ሆስፒታል አብሮ የሚሄድ፣ ማታ የሚደውል። ገላትያ 6፥2 የአንዱን ሸክም ሌላው ይሸከም ሲል ይህንንም ይጨምራል።

ሰውዬው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ አትሸሹት፤ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ይልቅ ለብቻው የያዘውን እንዲያወጣ ይረዳዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳው የሚችል ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፤ ቤተሰብ ይጠራ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ቦታ የቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። መንገድ ላይ ጸልዩለት፤ ጸሎቱ ጉዞውን አይተካውም።

የነገሩዋችሁን ጠብቁ። በአብያተ ክርስቲያናት ምስጢር በብዛት የሚወጣው በሐሜት መልክ አይደለም፤ «እባካችሁ ስለ እገሌ ጸልዩ፣ ትዳሯ…» ተብሎ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ምሳሌ 11፥13 ዞሮ ነገር የሚያወጣውን በመንፈስ ከታመነውና ነገርን ከሚሰውረው ይለየዋል፤ የጸሎት ርዕስ ብሎ ማውጣትም ማውጣት ነው። ስሟን ሳትጠሩ «ስለ አንዲት እኅት» በሉ፤ ያም የሚያስለያት ከሆነ ለብቻችሁ ጸልዩ። የሕይወት አደጋ ካለ ብቻ ምስጢሩን ለሚያድን ሰው ትናገራላችሁ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ንገሯት።

8. በማግስቱ

ብዙ ሰው በማግስቱ ጠዋት ይከብደዋል። «ምን ነክቶኝ ነው ያን ሁሉ የተናገርኩት? አሁን ምን ይሉኛል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ሰው በማግስቱ እንዲደውልላችሁ አድርጉ። በዚያ ቀን የማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየት አታንብቡ።

ግብዣም ይበዛል። አንዴ በደንብ የተናገረ ሰው በየጉባኤው ይፈለጋል፤ ቀስ በቀስ «ልጇ የሞተባት» ወይም «ከሱስ የወጣው» ሆኖ ይቀራል። እምቢ ማለት ይፈቀድላችኋል፤ ታሪኩን ለአንድ ዓመት ማሳረፍም። ስትናገሩት ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ ወይም ለመማረክ መጨመር ከጀመራችሁ ያኔ የግድ አሳርፉት።

ወደ እናንተ የመጡትን ሰዎች ደግሞ በልካችሁ ያዙ። ዮቶር ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለውና ሥራውን የሚያካፍላቸውን ሰዎች እንዲመርጥ መከረው። የምትከታተሉት ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሲደርስ፣ ስም ሳታወጡ፣ ለመጋቢያችሁ ወይም ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ በዚያው መከራ ያለፈ ሌላ ሰው እንዲጨመር ጠይቁ።